የመጀመሪያውን ፍላት ቴሌቪዥን በቤተሰብ በጀት መምረጥ፦ 32 ኢንች፣ 43 ኢንች፣ 4ኬ ወይስ ያገለገለ?

ጀርባው ወፍራም የሆነውን የድሮ ቴሌቪዥን አሰናብቶ፣ ወይም ከነጭራሹ ቴሌቪዥን ሳይኖረው ቆይቶ፣ የመጀመሪያውን ፍላት ስክሪን ለመግዛት ገበያ የወጣ ቤተሰብ ከሻጩ አፍ የሚሰማው በአብዛኛው ስለ ሦስት ነገሮች ነው፦ ስለ ኢንቹ፣ ስለ ስማርትነቱ (በራሱ ኢንተርኔት ላይ መሥራት መቻሉ) እና ስለ 4ኬ (ነጥቦቹ እጅግ የበዙ ጥርት ያለ ስክሪን)። ሦስቱም እውነተኛ ልዩነት ያመጣሉ። ነገር ግን ያ ቤተሰብ ካለው ውሱን ገንዘብ ውስጥ የትኛው ላይ ማዋል እንደሚሻለው አይነግሩትም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የንግድ ስም እያነሣ ከማወደስ ተቆጥቦ በቅድሚያ መመዘኛዎቹን ያስቀምጣል፤ ከዚያም አማራጮቹን በእነዚሁ መመዘኛዎች ይመዝናል። ዋጋ በብር አልተጠቀሰም፤ የብር የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ስለማይረጋ፣ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ከጥቂት ወራት በኋላ አንባቢውን ያሳስታል። የትኛው ከየትኛው እንደሚረክስ ግን ብዙም አይለወጥም።

## መመዘኛዎቹ

ከሁሉ በፊት የሚቀመጠው መመዘኛ፣ በኋላ ሊጨመር የሚችለውን ነገር ፈጽሞ ሊጨመር ከማይችለው መለየት ነው። የስክሪኑ ስፋት፣ የፓኔሉ (ምስሉን የሚያሳየው ክፍል) ጥራት፣ እንዲሁም ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያስገቡት የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎች ብዛት ቴሌቪዥኑ አንዴ ከተገዛ በኋላ የሚለወጡ አይደሉም። ስማርትነት ግን አንድሮይድ ቦክስ ወይም ስቲክ የሚባለውን ትንሽ የኢንተርኔት መሣሪያ ኤችዲኤምአይ መሰኪያው ላይ በመሰካት በሚቀጥለው ዓመትም ሆነ ከዚያ በኋላ ይጨመራል። ድምፅም ቢሆን በስፒከር ይሻሻላል፤ ሪሲቨር ይቀየራል። ገንዘቡ ሁሉንም የማያዳርስ ከሆነ መጀመሪያ መከፈል ያለበት ሊጨመር ለማይችለው ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዞ ገበያ የሚወጣ ገዢ ከሚታዩት ስሕተቶች አብዛኞቹን ያመልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው መመዘኛ ወደ ቤቱ የሚገባው ምስል ከየት ይመጣል የሚለው ነው። አብዛኛው የአገራችን ተመልካች ቴሌቪዥን የሚያየው በዲሽ ሲሆን፣ የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ከሚገኘው ኢትዮሳት፣ የዓረብና ሌሎች ጣቢያዎችን ደግሞ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ከሚገኘው ናይልሳት ይቀበላል። በዚህ መንገድ የሚገባው ምስል ከሞላ ጎደል ቢበዛ ፉል ኤችዲ ነው፤ ማለትም 1920 በ1080 ነጥብ። ብዙ ጣቢያዎች ከዚያም ዝቅ ብለው በ720 በ576 ነጥብ ያሠራጫሉ። የ4ኬ ስክሪን ግን 3840 በ2160 ነጥብ ስላለው፣ እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ምስል ሲገባለት ለእያንዳንዷ የምስል ነጥብ 20 የስክሪን ነጥቦችን መሙላት ይኖርበታል። ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር ይህ ሙሌት ፊት ላይ እንደ ብዥታ፣ ጽሑፍ ላይ እንደ መቆራረጥ ሆኖ ይታያል። ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚማርከው የ4ኬ ማሳያ ቪዲዮ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ከዲሽ የሚመጣውን የማታ ዜና አይመስልም።

4ኬ ዋጋውን የሚያወጣው ቤቱ ውስጥ አስተማማኝና የማያልቅ ኢንተርኔት ሲኖር ነው። አንድ ፊልም በ4ኬ ሲታይ በሰዓት እስከ 7 ጊጋባይት፣ በፉል ኤችዲ እስከ 3 ጊጋባይት ሊወስድ ይችላል። ባልተገደበ የቤት ፋይበር ለሚጠቀም ቤተሰብ ይህ አያስጨንቅም። ከስልክ ሆትስፖት እየከፈተ በጊጋ ጥቅል ለሚያይ ሰው ግን የሁለት ሰዓት ፊልም የሳምንቱን ጥቅል ይዞበት ሊሄድ ይችላል።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ሜትር ይያዙና ሶፋው ላይ ከሚቀመጠው ሰው ዓይን እስከ ቡፌው ወይም ቴሌቪዥኑ እስከሚሰቀልበት ግድግዳ ድረስ ይለኩ። ለጥሩ ፉል ኤችዲ ምስል የስክሪኑን ሰያፍ ልክ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል መራቅ ይበቃል፤ ጥራቱ ዝቅ ላለ የዲሽ ምስል ግን ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል መራቅ ይሻላል። 43 ኢንች ማለት በሰያፍ 109 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ለመጀመሪያው 1.6 ሜትር ገደማ፣ ለሁለተኛው 2.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሶፋውና ቴሌቪዥኑ በሁለት ሜትር ተኩል በሚተያዩበት የኮንዶሚኒየም ሳሎን 55 ኢንች የሚሰቅል ሰው የዲሽ ጣቢያዎቹን ብዥታ በየቀኑ ያያል። በተቃራኒው ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ሦስት ሜትር ተኩል ርቀው በሚቀመጡበት ሰፊ ሳሎን 32 ኢንች ላይ ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ ማንበብ አድካሚ ነው።

ርቀት ሲነሣ አቀማመጥም አብሮ ይታሰብ። በእኛ ቤት ሰው በቡና ሰዓት ሳሎኑን ዙሪያ ይቀመጣል፤ ስክሪኑን ፊት ለፊት የሚያየው ከግማሽ አይበልጥም። አይፒኤስ የሚባለው የፓኔል ዓይነት ከጎን ሲታይ ቀለሙን ይጠብቃል፤ ቪኤ የሚባለው ጥቁሩን አጥቁሮ በማሳየት ይበልጠዋል፤ ከጎን ሲታይ ግን ይደበዝዛል። ካርቶኑ ላይ ይህ ስለማይጻፍ፣ ሱቅ ውስጥ ወደ ጎን ራመድ ብሎ ማየት ብቻ ይበቃል።

ስለ መብራት ፍጆታ ብዙ ሲወራ ይሰማል፤ ነገሩ ግን የሚፈራውን ያህል አይደለም። 60 ዋት የሚወስድ 43 ኢንች ቴሌቪዥን በቀን አምስት ሰዓት ቢከፈት በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስበው የእንጀራ ምጣድ ይህን ያህል የሚፈጀው በሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሊያሳስብ የሚገባው የመብራቱ መሄድና መምጣት ነው። አብዛኞቹ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የኃይል መቀነስ ብዙም አይጎዳቸውም፤ ቦርዳቸውን የሚያቃጥለው መብራት ተመልሶ ሲመጣ አብሮ የሚመጣው ድንገተኛ ጫና ነው። ስለዚህ ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ መከላከያ ወይም ትንሽ ስታቢላይዘር የግዢው አካል ተደርጎ ይታሰብ። ቴሌቪዥንና ሪሲቨር አንድ ላይ ከ100 ዋት ብዙም ስለማያልፉ ለፍሪጅ የሚሆን ትልቅ ስታቢላይዘር አያስፈልግም። ተራ ዲቫይደር ግን ሶኬት ከማብዛት ውጭ ከምንም አይከላከልም።

የመጨረሻው መመዘኛ ጠቅላላ ወጪው ነው። ዲሹ፣ ኤል ኤን ቢው (ዲሹ ፊት የሚገጠመው ምልክት ተቀባይ)፣ ሪሲቨሩ፣ የሠራተኛው ዋጋ፣ መከላከያውና የግድግዳ ብራኬቱ ሲደመሩ ቀላል ገንዘብ አይሆኑም። እቁብ ደርሶት የሚገዛ ቤተሰብ የእቁቡን ገንዘብ በሙሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ካዋለው፣ ለዲሹ ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ስክሪኑ ባዶውን ሊቀመጥ ነው።

## አማራጮቹ

32 ኢንች፣ ስማርት ያልሆነ። ከአዲሶቹ ርካሹ ይህ ነው። ጥራቱ በአብዛኛው ኤችዲ፣ ማለትም 1366 በ768 ነጥብ ነው። በዚህ ስፋት ላይ ከዲሽ የሚመጣው ምስል ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ክፍሉ ጠባብ ለሆነ ተከራይና ለአዲስ ተጋቢዎች ምንም የሚጎድለው ነገር የለም። ሊፈተሽ የሚገባው መሰኪያው ነው፤ አንድ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ብቻ ያለው ከሆነ ሪሲቨሩ ሲሰካበት ለሌላ ነገር ቦታ አይተርፍም። ሁለት ይኑሩት።

32 ኢንች፣ ስማርት። ስማርቱ ምንጊዜም ይሻላል ከሚሉት ብዙዎች የምለይበት ቦታ ይህ ነው። በዚህ ስፋት ርካሽ የሆኑት ስማርት ቴሌቪዥኖች ብዙውን ጊዜ 1 ጊጋባይት ራምና 8 ጊጋባይት ማከማቻ ይዘው ይመጣሉ፤ ይህም ገና ከጅምሩ ጠባብ ነው። አንዳንዶቹ ላይ የተጫነው አንድሮይድ የጉግል ፈቃድ የሌለው ስለሆነ እንደ ኔትፍሊክስ ያሉ መተግበሪያዎች አይከፈቱበትም፤ ዩቲዩብም በጊዜ ብዛት ይዘገያል። ለስማርትነቱ የሚጨመረው ዋጋ ትንሽ ከሆነ ጉዳት የለውም። ጭማሪው ከአንድ ደህና አንድሮይድ ቦክስ ዋጋ ከበለጠ ግን ስማርት ያልሆነውን ገዝቶ ቦክሱን ለብቻ መግዛት ያዋጣል፤ ቦክሱ ሲያረጅ ስክሪኑ ሳይነካ እርሱ ብቻ ይቀየራል።

43 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ። ለአማካይ ቤተሰብ ከአዲሶቹ ሚዛኑን የሚደፋው ይህ ነው። ከዲሽ የሚመጣውን ምስል አያበላሽም፤ በኢንተርኔት ፊልም ለማየትም፣ ኳስ ለመከታተልም ስፋቱ ይበቃል። ኳስ የሚወድ ቤተሰብ በዲኤስቲቪ የሚያይ ከሆነ የሚያስፈልገው ዲኮደር የራሱ ስለሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሪሲቨር ኖረም አልኖረም ለውጥ የለውም። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፦ የብዙዎቹ እግሮች ሁለቱ ጠርዝ አካባቢ ስለሆኑ በመካከላቸው 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊኖር ይችላል። ቡፌው ከዚያ ያጠረ ከሆነ ቴሌቪዥኑ አይቆምበትም፤ መስቀል ግድ ይሆናል። የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ለዚያ የሚሆን ፊሸር ያስፈልጋል፤ የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ግን ባይሰቀል ይሻላል።

50 እና 55 ኢንች፣ 4ኬ። ሳሎኑ ሰፊ፣ ኢንተርኔቱ ያልተገደበ ከሆነ ጥሩ ግዢ ነው። ሁለቱ ካልተሟሉ ገንዘቡ ያለ ቦታው ይውላል። በዚህ ደረጃ ኪውሌድ የሚል ጽሑፍ ያለባቸውም ይገኛሉ፤ ኪውሌድ ቀለሙ የተሻሻለ ኤልሲዲ (ከኋላው በሚበራ ብርሃን የሚሠራው የተለመደው ስክሪን) እንጂ ሌላ የቴሌቪዥን ዘር አይደለም። ኦሌድ የሚባለው ግን በእርግጥ የተለየ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ያበራል። ዋጋው የመጀመሪያ ቴሌቪዥን ከሚገዛ ቤተሰብ አቅም በላይ ስለሆነ እዚህ አልተመዘነም።

ሪሲቨር በውስጡ ያለው። ይህ በየትኛውም ስፋት ይገኛል። ሳጥን፣ ሪሞትና ሶኬት ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ዲሹ ሁለት ሳተላይት የሚቀበል ከሆነ ቴሌቪዥኑ የኤል ኤን ቢ ማቀያየሪያውን ማዘዝ መቻል አለበት፤ አንዳንዶቹ ጣቢያ ፍሪኩዌንሲ ሲቀይር አዲሱን በእጅ ማስገባት ያስቸግራሉ። ነጻ ጣቢያዎችን የሚያሳይ ሪሲቨር ለብቻው ብዙ ስለማያወጣ፣ ለዚህ ተብሎ ብዙ ጭማሪ መክፈል አስፈላጊ አይደለም።

ያገለገለ። በአዲስ 32 ኢንች ዋጋ 43 ወይም 50 ኢንች ማግኘት ስለሚቻል ያጓጓል፤ ከሚታወቅ ሰው ሲገዛም ጥሩ ሊሆን ይችላል። በቅድሚያ ፕላዝማ የሚባለው የቆየ የፍላት ስክሪን ዓይነት አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ ትልልቆቹ አምራቾች ፕላዝማ መሥራት ያቆሙት እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ስለሆነ መለዋወጫ የለውም፤ የኃይል ፍጆታውም ከኤልኢዲ ብዙ እጥፍ ነው። ከዚያ የሚበላሸውን ነገር ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ድምፅ እየመጣ ስክሪኑ ከጨለመ፣ የስልክ ባትሪ አጠገቡ አብርተው ቢመለከቱ ምስሉ በደብዛዛው ሊታይ ይችላል፤ ያ ማለት ከኋላ የሚያበሩት ኤልኢዲዎች ሞተዋል፤ ይህን ባለሙያ ይጠግነዋል። ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ካለ ወይም ፓኔሉ ከተሰነጠቀ ግን ፓኔል መቀየር የቴሌቪዥኑን ዋጋ ስለሚያህል መተው ነው። ኤልኢዲው አንዴ ተቀይሮለት እንደሆነም ይጠይቁ። በቆየ ስማርት ቴሌቪዥን ላይ ዩቲዩብ መሥራቱን ሊያቆም ስለሚችል ለስማርትነቱ ተብሎ ተጨማሪ አይከፈልም።

ከውጭ ዘመድ የሚያመጣው። መነሻ አገሩ ወሳኝ ነው። ከዱባይ፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል የሚመጣ ቴሌቪዥን ኃይሉ ከእኛው 220 ቮልት ጋር ይስማማል። በአሜሪካ የሚሸጠው ግን ለ120 ቮልት አገር የተሠራ ስለሆነ፣ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 ካላለ ያለ ትራንስፎርመር ሲሰካ ይቃጠላል። ውስጡ ያለው የአንቴና መቀበያም ኤቲኤስሲ የሚባለው የአሜሪካ ሥርዓት ስለሆነ እዚህ አይሠራም፤ በኤችዲኤምአይ ሪሲቨር ለሚጠቀም ግን ይህ ችግር አይሆንም። የሻንጣ መጠንም አለ፦ በብዙ አየር መንገዶች የአንድ ሻንጣ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ተጨማሪ ያስከፍላል። የ32 ኢንች ካርቶን በአብዛኛው ከዚህ በታች ሲሆን የ43 ኢንቹ ያልፋል። ዋስትናውም እዚያው አገር ይቀራል።

መብራት ያልደረሰበት ገጠር ላለ ቤተሰብ በ12 ቮልት በቀጥታ ከሶላር ባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ ቴሌቪዥኖች አሉ፤ ለእነርሱ ወሳኙ መመዘኛ ዋቱ ነው።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የስክሪን ወርድ | ለዲሽ ምስል የሚመች ርቀት | ኃይል በግምት | ዋጋ | ዋና ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|---|
| 32 ኢንች፣ ስማርት ያልሆነ | 71 ሴ.ሜ. | ከ2 ሜትር ጀምሮ | 30–50 ዋት | ከአዲሶቹ ዝቅተኛው | ሁለት ኤችዲኤምአይ ይኑረው |
| 32 ኢንች፣ ስማርት | 71 ሴ.ሜ. | ከ2 ሜትር ጀምሮ | 30–50 ዋት | ዝቅተኛ | ጭማሪው ከቦክስ ዋጋ አይብለጥ |
| 43 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ | 95 ሴ.ሜ. | 2.7 ሜትር ገደማ | 50–80 ዋት | መካከለኛ | የእግሮቹ ርቀትና የቡፌው ልክ |
| 50–55 ኢንች፣ 4ኬ | 111–122 ሴ.ሜ. | ከ3.2 ሜትር በላይ | 80–130 ዋት | ከፍተኛ | ያልተገደበ ኢንተርኔት መኖሩ |
| ያገለገለ 43–50 ኢንች | 95–111 ሴ.ሜ. | እንደ ስፋቱ | እንደ ዓይነቱ | ከአዲሱ 32 ኢንች ጋር ተቀራራቢ | መስመር፣ ስንጥቅ፣ ፕላዝማ |
| ከውጭ የመጣ | እንደ ስፋቱ | እንደ ስፋቱ | እንደ ስፋቱ | ይለያያል | ቮልቴጅ፣ የሻንጣ ክፍያ፣ ዋስትና |

## ለየትኛው ቤተሰብ የትኛው

በጀቱ ጠበብ ያለ፣ ዲሽም ገና ያልተከለ ቤተሰብ ስማርት ያልሆነውን 32 ኢንች ይግዛ፤ በተረፈው ገንዘብ ባለ ኤችዲኤምአይ ሪሲቨርና መከላከያ ያሟላ። የድሮው ሪሲቨር ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ብቻ ያለው ከሆነ በአዲሱ ስክሪን ላይ ምስሉ ስለሚደበዝዝ ሪሲቨሩን መቀየር ትልቅ ስክሪን ከመግዛት የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ዲሹ ያለው፣ ልጆች ያሉትና መካከለኛ ገንዘብ የያዘ ቤተሰብ 43 ኢንች ፉል ኤችዲውን ይምረጥ። ስማርቱና ስማርት ያልሆነው በዋጋ ከተቀራረቡ ስማርቱን፣ ካልተቀራረቡ ተራውን። ኳስ የሚያነጥሩና የሚወራወሩ ሕፃናት ባሉበት ቤት ፊቱ ላይ ተጨማሪ መስታወት ያለውን ቢመርጡ ክብደቱና ነጸብራቁ ቢጨምርም ፓኔሉን ያድናል።

ለ43 ኢንች ጥቂት የጎደለው ቤተሰብስ? የትምህርት ቤት መመዝገቢያው ወቅት ካልደረሰ፣ ሁለት ሦስት ወር ታግሶ 43 ኢንቹን መግዛት ዛሬ 32 ኢንች ስማርት ከመግዛት ይሻላል፤ ስፋት በኋላ አይጨመርምና። ያገለገለውን የምመክረው ሻጩን ለሚያውቅና አጠገቡ ታማኝ ጠጋኝ ላለው ብቻ ነው። 4ኬውን ደግሞ ሦስት ሜትርና ከዚያ በላይ ለሚርቅ ሳሎንና ለቤት ፋይበር ተጠቃሚ።

## ሱቅ ውስጥ

ከመሄድዎ በፊት ፍላሽ ላይ አምስት ምስሎችን ይጫኑ፦ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። አንድ አጭር የአማርኛ ፊልምም ይጨምሩ። ካርቶኑ ፊትዎ ተከፍቶ ቴሌቪዥኑ ሲበራ ነጩን ያሳዩት፤ ጥላ ወይም ቢጫ ያዘለ ጥግ መኖሩ ወዲያው ይለያል። በጥቁሩ ላይ ከጠርዝ የሚያፈተልክ ብርሃን፣ በቀለማቱ ላይ የሞተች ነጥብ ትታያለች። ፊልሙ ምስሉ እየሄደ ድምፅ ካላወጣ ወይም ፋይሉን ጭራሽ ካላነበበ፣ ቤትዎ ፊልም በፍላሽ የሚታይ ከሆነ ሌላ ይጠይቁ። ስክሪኑን ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ይለኩ፤ 43 ኢንች ከተባለ 109 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ጀርባው ላይ ያለው ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር ከካርቶኑና ከዋስትና ካርዱ ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ፤ ካርዱ ማኅተም፣ ግዢው ደረሰኝ ይኑረው። ያለ ደረሰኝ ዋጋ ቀንሰው ሊሸጡልዎ ቢሞክሩ፣ የሚቀነሰው ዋስትናውም ጭምር መሆኑን አስበው ይወስኑ።

ሲጓጓዝ እንደቆመ ይሂድ፤ ላዳ ውስጥ አጋድሞ መውሰድ ፓኔሉ መሐል ላይ እንዲታጠፍ ያደርጋል። ቤት ገብቶ ሲከፈት ሁነታው ለሱቅ ማሳያ የተዘጋጀው ከሆነ ወደ ቤት ሁነታ ይለውጡትና የኋላ ብርሃኑን ከመቶ ወደ ስልሳ ሰባ ዝቅ ያድርጉት፤ ኤልኢዲዎቹ ቶሎ የሚሞቱት ሁልጊዜ በሙሉ ብርሃን ሲሠሩ ነው። ካርቶኑንና ፎሙን የዋስትናው ጊዜ እስኪያልቅ አይጣሉ፤ ለጥገና መመለስ ቢያስፈልግ ያለ እነርሱ በደህና አይደርስም።